ከመርፌው በፊት ያለው ጥያቄ፦ ስኳር ያለበትን ድመት ቤት ውስጥ ማከም

ድመታችሁ የስኳር በሽታ እንዳለበት ሲነገራችሁ መጀመሪያ የምትፈሩት መርፌውን ነው። እኔም የፈራሁት እሱኑ ነበር። ዛሬ ሰው ምክር ሲጠይቀኝ ግን ስለ መርፌው ብዙም አላወራም፤ እጅ ቶሎ ይለምደዋል፣ ድመቱም ከሚጠበቀው በላይ ይታገሣል። የማይለመደው፣ ሊለመድም የማይገባው፣ ከመርፌው በፊት ያለው ጥያቄ ነው፦ አሁን ልስጠው ወይስ ልተወው? ኢንሱሊን መስጠትን ማንም ያስተምራችኋል። መተው መቼ እንደሚገባ ግን ቀድሞ በወረቀት ላይ ካልሰፈረ፣ በጭንቅ ሰዓት አይታሰብም።

ዳማ ቀላ ያለ፣ የተኮላሸ፣ ወፍራም ድመት ነው፤ ዕድሜውም ገፋ ብሏል። በሽታው ደጋግሞ የሚይዘው እንዲህ ያለውን እንደሆነ የተረዳሁት በኋላ ነው። የውሃ ሳህኑ ቶሎ ቶሎ ይጎድል ጀመር። የመጸዳጃው አሸዋ ትልልቅ ጓል እየሠራ ይወጣል። እንደ ልቡ እየበላ የጀርባ አጥንቱ በእጅ ይቆጠራል። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን አረማመዱ ነው። ጤነኛ ድመት የሚረግጠው በጣቶቹ ሲሆን የኋላ እግሩ ተረከዝ ከመሬት ከፍ ብሎ ይታያል። ዳማ ተረከዙን መሬት ላይ አሳርፎ መራመድ ጀመረ፤ ድሮ ያለ ሐሳብ የሚዘልበትን ወንበር ቆሞ ያየውና ይመለሳል። ከፍ ያለ ስኳር ሳይታከም ሲቆይ የእግር ነርቮችን ይጎዳል፤ ስኳሩ ከተስተካከለ ግን ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ይሻሻላል።

ሐኪሙ በአንድ የደም ልኬት አልረኩም። ድመት ሲፈራ ስኳሩ ሽቅብ ስለሚወጣ፣ ጤነኛው እንኳ ምርመራ ጠረጴዛ ላይ 300 ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ሽንቱ ውስጥ ስኳር መኖሩን አዩ፤ ያለፉትን ሁለትና ሦስት ሳምንታት ሁኔታ የሚናገረውን የፍሩክቶሳሚን ምርመራም አዘዙ። የድመት ኩላሊት በደም ውስጥ ያለውን ስኳር በዴሲሊትር ከ250 እስከ 270 ሚሊግራም አካባቢ እስኪደርስ ድረስ ወደ ሽንት አያሳልፍም። ከዚያ በላይ ሲሆን ይለቀዋል፤ ስኳሩም ውሃ እየጎተተ ይወጣል። ያ ሁሉ ጥም የመጣው ከዚህ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ቁጥሮች በሙሉ በሚሊግራም በዴሲሊትር ናቸው። መሣሪያችሁ በሚሊሞል የሚያነብ ከሆነ ለ18 አካፍሏቸው።)

ከዚያ ያልጠበቅኩት ጥያቄ መጣ። «በቅርቡ የስቴሮይድ መድኃኒት ወስዷል?» ለቆዳ ማሳከክ ወስዶ ነበር። ስቴሮይድ ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠውን ምላሽ ያደነዝዛል፤ ለበሽታው በተጋለጠ ድመት ላይ ስኳሩን ሊያስነሣው ይችላል። በራሴ እንዳላቆምበት፣ እሳቸው ቀስ እያሉ እንደሚቀንሱት ነገሩኝ። አፉንም ከፍተው ድዱን አዩ፤ የጥርስና የድድ ሕመም ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እያለ ኢንሱሊን እንደሚገባው አይሠራም። መጠኑ እየጨመረ ስኳሩ አልወርድ የሚል ድመት ደግሞ የእድገት ሆርሞን ከመጠን በላይ የሚያመነጭ ዕብጠት በአንጎሉ ሥር ሊኖረው ስለሚችል ለብቻው ይመረመራል።

መርፌ የማይፈልግ ሕክምና የለም ወይ ብዬ ጠይቄያለሁ፤ ማን የማይጠይቅ አለ? አለ። ቤክሳግሊፍሎዚን የሚባል ክኒን በ2022፣ ቬላግሊፍሎዚን የሚባል በአፍ የሚሰጥ ፈሳሽ ደግሞ በ2023 አሜሪካ ውስጥ ለድመት ተፈቅደዋል። ሁለቱም ኩላሊት ስኳሩን በሽንት እንዲያስወጣው ያደርጋሉ። ነገር ግን የተፈቀዱት ከዚያ በፊት ኢንሱሊን ላልወሰደና ከስኳሩ በቀር ጤንነቱ ደህና ለሆነ ድመት ነው። የራሱ ኢንሱሊን ጨርሶ በነጠፈበት ድመት ላይ ከተሰጡ፣ የስኳሩ ቁጥር ያማረ መስሎ ሳለ ደሙ ኪቶን በሚባል፣ ሰውነት ስብ ሲያቃጥል በሚወጣ ነገር ሊመረዝ ይችላል። ዳማ ከስቶ፣ ጡንቻው ሟሙቶ ስለነበር የተመረጠለት ኢንሱሊን ነው።

አሁን ወደ ብልቃጡና ወደ ሲሪንጁ ልምጣ፤ አደጋው ያለው እዚህ ስለሆነ ጠለቅ ብዬ እጽፋለሁ። ለድመት የሚታዘዙት ኢንሱሊኖች ብዙ ናቸው፦ ለሰው የተሠራው ግላርጂን፣ ለእንስሳት የተሠራው ፕሮታሚን ዚንክ፣ ከአሳማ የሚገኘው ሌንቴ። ግላርጂን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ይይዛል፤ ሌሎቹ ሁለቱ 40። ሲሪንጁም እንደዚሁ ለ100 ወይም ለ40 ተብሎ ይሠራል። ሁለቱ መገጣጠም አለባቸው። ለ100 የተሠራውን ኢንሱሊን ለ40 በተሠራ ሲሪንጅ ብትቀዱ፣ አንድ ዩኒት የሚለው መስመር ላይ ያለው መጠን ሁለት ዩኒት ተኩል ነው፤ ይህ ድመት ይገድላል። ተገላቢጦሹ አይገድልም፤ አንድ ዩኒት ያላችሁት ዜሮ ነጥብ አራት ብቻ ሆኖ ሕክምናው ሳይሠራ ይከርማል እንጂ። ስለዚህ አዲስ ፓኮ በተገዛ ቁጥር ብልቃጡንና ሲሪንጁን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ጽሑፋቸውን አንብቡ። የክዳን ቀለም አይታመንም፤ ጽሑፉ ነው የሚታመነው።

ብዙ ድመቶች የሚጀምሩት በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየ12 ሰዓቱ፣ በአንድ ዩኒት ነው። አንድ ዩኒት ማለት ለ100 በተሠራ ሲሪንጅ ውስጥ የሚሊ ሊትር አንድ መቶኛ ነው፤ ጠብታ እንኳ አይሞላም። በዚህ መጠን ላይ የፀጉር ያህል ስሕተት ትልቅ ነው። ዜሮ ነጥብ ሦስት ሚሊ ሊትር የሚይዘውን፣ የግማሽ ዩኒት መስመር ያለበትን ሲሪንጅ ፈልጋችሁ ያዙ። ብልቃጡን ገልብጣችሁ ስትቀዱ ትንሽ አየር አብሮ ይገባል። አረፋው ራሱ ድመቱን አይጎዳውም፤ የሚይዘው ቦታ ግን የኢንሱሊን ቦታ ነው። ሲሪንጁን ቀጥ አድርጎ ይዞ በጥፍር መታ መታ ማድረግ፣ አረፋው ሲወጣ ወደ ብልቃጡ መመለስ፣ እንደገና መቅዳት። የጥቁሩ ላስቲክ የላይኛው ጠርዝ በመስመሩ ላይ መቀመጥ አለበት። እኔ ብርሃን ፊት ቆሜ፣ ክንዴን ከጠረጴዛው አስደግፌ በአጉሊ መነጽር ነው የማየው።

ግላርጂን እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ አይናጥም፣ አይበረዝም፣ ከሌላ ኢንሱሊን ጋርም አይቀላቀልም። ከደፈረሰ ይጣላል። ፕሮታሚን ዚንክ በተፈጥሮው ደፍረስ ያለ ስለሆነ በመዳፍ መካከል ቀስ ተደርጎ ይንከባለላል። ከአሳማ የሚገኘውን ሌንቴ ደግሞ አምራቹ በደንብ አናውጡት ይላል። ስለዚህ ከሌላ ሰው የሰማችሁትን አያያዝ ለእናንተ ብልቃጥ አትውሰዱ፤ አብሮት የመጣውን ወረቀት አንብቡ። የሁሉም ቦታ ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ ከበረዶ ቤቱ ግድግዳ የራቀ መሆን አለበት። አንዴ የቀዘቀዘና በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም መልኩ ደህና ቢመስልም አይሰጥም። የተከፈተበትን ቀን በብልቃጡ ላይ ጻፉ። የግላርጂን መመሪያ ከተከፈተ በኋላ 28 ቀን ይላል፤ ለድመት የሚበቃው መጠን ትንሽ ስለሆነ አብዛኛው ተርፎ ይጣላል፣ ያ ያናድዳል። ከዚያ ቀን በላይ መጠቀም ይቻል እንደሆነ ከራሳችሁ ሐኪም ጋር ተነጋገሩበት።

የመርፌው አሰጣጥ አጭር ነገር ነው። ድመቱ ምግቡ ላይ አጎንብሶ ሳለ የጎኑን ቆዳ በሁለት ጣት ከፍ አድርጋችሁ ትይዛላችሁ፤ መርፌው ከሥጋው ጋር ጎን ለጎን ሆኖ በተነሣው ቆዳ ሥር ይገባል፣ ይገፋል፣ ይወጣል። ብዙ ሰው ማጅራቱን ይመርጣል፤ እኔ ግን ጎንና ሆድ አካባቢ ቢሆን፣ ግራና ቀኙም ቢፈራረቅ ይሻላል ከሚሉት ወገን ነኝ። አንድ ቦታ ሲደጋገም ቆዳው ይጠነክርና ኢንሱሊኑ ወጥ በሆነ ሁኔታ አይሰርግም። ጸጉረ ረጅም ድመት ላይ መርፌው በአንዱ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣና መድኃኒቱ ጸጉሩ ላይ ይቀራል። በጣት ስትዳስሱት ርጥብ ነው፤ የመድኃኒት ሽታም አለው። ያኔ ምን ይደረጋል? ምንም። ምን ያህሉ እንደ ገባ፣ ምን ያህሉ እንደ ፈሰሰ አይታወቅምና ሌላ መርፌ አይጨመርም። የሚቀጥለው በሰዓቱ ይሰጣል።

ቤት ውስጥ ሁለት ሰው መርፌ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። አንድ ማለዳ ታላቅ እህቴ ከመኝታ ቤቷ ሆና «ወጋሽው እንዴ?» አለችኝ። «እትዬ፣ አንቺ የወጋሽው መስሎኝ» አልኳት። እሷም እርግጠኛ አልነበረችም። አልወጋነውም። ያመለጠ መርፌ ስኳሩን ለግማሽ ቀን ከፍ ያደርገዋል፤ ሁለት ጊዜ የተሰጠ መርፌ ግን ከሰዓታት በኋላ ሊጥለው ይችላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማቀዝቀዣው በር ላይ ወረቀት አለ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ከመርፌ በፊት የነበረው ስኳር፣ የተሰጠው መጠን፣ የበላው፣ የሰጪው ፊርማ። ፊርማ ከሌለና መሰጠት አለመሰጠቱን እርግጠኛ ካልሆንን አንወጋውም፤ የሚቀጥለውን ሰዓት እንጠብቃለን።

ስኳሩን ቤት ውስጥ መለካት ግዴታ አይደለም የሚሉ አሉ። አልስማማም። ሳይለኩ ኢንሱሊን መስጠት የሚቻል ቢሆንም ከላይ የጠቀስኩትን ጥያቄ በጭፍን መመለስ ነው። ደሙ የሚወሰደው ከጆሮው ጠርዝ ነው። መጀመሪያ ጆሮውን በሞቀ ጨርቅ ታሞቁታላችሁ፤ ቀዝቃዛ ጆሮ ደም አይሰጥም፣ ብዙ ጀማሪ ተስፋ የሚቆርጠውም በዚህ ነው። ጠርዙን ተከትሎ የሚሄደውን ቀጭን የደም ሥር በብርሃን ፊት ታያላችሁ። የምትወጉት በደም ሥሩና በጠርዙ መካከል ያለውን ቦታ ነው። ቫዝሊን በጣም ስስ አድርጋችሁ ከቀባችሁት ደሙ ጸጉሩ ውስጥ ሳይሰራጭ ክብ ጠብታ ሆኖ ይቀመጣል። ከጆሮው ጀርባ የተጠቀለለ ጥጥ ያዙ፤ አለበለዚያ የምትወጉት የራሳችሁን ጣት ነው። ስትጨርሱ ደሙ እስኪቆም ጫን አድርጋችሁ ያዙት፣ ከዚያ የሚወደውን ቁራሽ ስጡት። ዳማ አሁን የመለኪያውን ቦርሳ ዚፕ ድምፅ ሲሰማ ለቁራሹ ብሎ ራሱ ይመጣል።

ለሰው የተሠራ መለኪያ በድመት ደም ላይ ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል፤ ለእንስሳት የተስተካከለው ከፍ ያለ። ሁለቱም ይጠቅማሉ፤ የማይጠቅመው አንዱን ከሌላው እያቀላቀሉ ማንበብ ነው። አንዱን መርጣችሁ ቆዩበት፣ ለሐኪሙም የትኛው እንደሆነ ንገሩ። ቆዳ ላይ ተለጥፎ እስከ 14 ቀን የሚያነብ አነፍናፊም አለ፤ ጆሮውን ለማያስነካ ድመት ትልቅ እፎይታ ነው። የሚለካው ግን ደሙን ሳይሆን በሕዋሳት መካከል ያለውን ፈሳሽ ስለሆነ ከደሙ ጥቂት ይዘገያል። በጣም ዝቅ ያለ ቁጥር ሲያሳይ በደም ጠብታ አረጋግጡ።

ሐኪሙ መጠኑን የሚወስኑት በየሁለት ሰዓቱ ለ12 ሰዓት ከሚለካ የቀን ውሎ ነው። የሚፈለገው በዚያ ቀን ስኳሩ እስከ ምን ዝቅ እንዳለና መቼ እንደሆነ ነው፤ ዝቅተኛው ነጥብ ከ80 እስከ 150 ባለው ውስጥ ቢወድቅ መልካም ነው። ከመርፌ በፊት ያለውን ከፍ ያለ ቁጥር ብቻ አይቶ መጠን መጨመር ያጓጓል፤ ቀኑን ሙሉ ዝቅ ብሎ ውሎ ምሽት ላይ የወጣ ሊሆን ይችላልና አትቸኩሉ።

አሁን ያ ጥያቄ። የእኔ ወረቀት ላይ ሐኪሙ የጻፉልኝ ይህ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከመርፌ በፊት ስኳሩ ከ200 በታች ከሆነ መርፌውን ያዝ አድርጊ፣ ምግብ ሳትሰጪ ግማሽ ሰዓት ቆይተሽ ደግመሽ ለኪ፣ እየወጣ ካልሆነ ዝለዪውና ደውዪልኝ። ምግብ እንቢ ካለ ወይም ካስታወከ የተለመደውን መጠን ከመስጠትሽ በፊት ደውዪ። የእናንተ ወሰን ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ከራሳችሁ ሐኪም አስጽፉት። ነገር ግን መተውም ልክ አለው። አንድ መርፌ መዝለል ጉዳት የለውም፣ በራስ ፈቃድ ለቀናት ማቆም ግን አለው። ኢንሱሊን ያጣ ሰውነት ስብ ማቃጠል ይጀምርና ኪቶን ይጠራቀማል። ስኳሩ ከፍ ያለ፣ የማይበላ፣ የሚያስታውክ፣ የደከመ፣ ትንፋሹ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸት ድመት ቤት ውስጥ አይታከምም፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መድረስ አለበት። የሽንት ኪቶን መመርመሪያ ስትሪፕ ርካሽ ስለሆነ እቤት ይኑራችሁ።

ተቃራኒውን፣ የስኳር መውረድን፣ አይቼዋለሁ። ምግቡን ከደረቁ ዓይነት ወደ እርጥብ፣ ፕሮቲኑ ብዙ ካርቦሃይድሬቱ ትንሽ ወደሆነ የድመት ምግብ እየቀየርን ነበር። ይህ ለውጥ ራሱ ስኳሩን ሊያወርድ ይችላል፤ የኢንሱሊን ፍላጎት በቀናት ውስጥ ሊቀንስ ስለሚችል ምግብ ስትቀይሩ ልኬቱን አብዙ። አንድ ቀትር ላይ ዳማ ከወትሮው ውጭ ከንፈሩን እየላሰ መጣ። አይኖቹ ፈጠዋል፣ የኋላ እግሮቹ ይጠላለፋሉ። ለካሁት፤ 48። ከ60 በታች አደጋ ነው። መብላት ስለቻለ ምግቡን አቀረብኩለት፤ ድዱንም በጣቴ ማር ቀባሁት። ደወልኩ፤ በየሩብ ሰዓቱም ለካሁ። ማር ስኳሩን ቶሎ አንሥቶ ቶሎ ይተወዋል፣ ኢንሱሊኑ ግን ገና ሰዓታት ይቀሩታል፤ አንዴ ወጣ ብሎ መዘናጋት ያሳስታል። ሐኪሙ የዚያን ምሽት መርፌ አስቀሩ፣ መጠኑንም ቀነሱ። ድመቱ ራሱን ከሳተ ወይም እየተንቀጠቀጠ ከሆነ ወደ አፉ ምንም አይፈሰስም፤ ወደ ሳንባው ይገባል። ጣትም በጥርሶቹ መካከል አይገባም። ድዱን ከውጭ በኩል ቀብታችሁ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። አንዳንድ ድመት ስኳሩ በጣም ወርዶም ምንም ምልክት አያሳይም፤ ስለ መለካት አጥብቄ የምናገረውም ለዚህ ነው።

ወፍራም ድመት ይክሳ ብላችሁ ምግብ አታስርቡ። ድመት ለጥቂት ቀን ካልበላ ጉበቱ በስብ ይሞላና ሌላ ከባድ በሽታ ይጨመራል። በሳምንት ከክብደቱ ከግማሽ እስከ አንድ በመቶ ቢቀንስ በቂ ነው፤ ያም ስኳሩ ከተረጋጋ በኋላ። እኔ በየሳምንቱ አቅፌው ሚዛን ላይ ወጥቼ የራሴን እቀንሳለሁ። የሚጠጣውንም ውሃ እለካለሁ፤ ውሃው ሲቀንስና ክብደቱ ሲመለስ ከየትኛውም ነጠላ የስኳር ቁጥር የበለጠ ደስ ይለኛል።

ያገለገለ መርፌ ክዳኑ አይመለስበትም፤ ወፍራም ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ተጠራቅሞ ሲሞላ ለሐኪም ቤት ይሰጣል።

ዳማ አሁን ግማሽ ዩኒት ላይ ነው። ተረከዙ ከመሬት ተነሥቷል፤ ወንበሩ ላይም ይወጣል። ብዙ ድመቶች፣ በተለይ ሕክምናው ቶሎ ከተጀመረና ምግባቸው ከተስተካከለ፣ ጨርሶ ከኢንሱሊን ይወጣሉ። ያ ከሆነ የሚቆመው በሐኪም ነው፣ ቀስ በቀስ። ከወጣ በኋላም በሽታው ሊመለስ ስለሚችል አልፎ አልፎ መለካቱ ይቀጥላል። ለማሳከክም ሆነ ለሌላ ሕመም ወደማያውቀው ሐኪም ሲሄድ ደግሞ መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት «ስኳር ነበረበት» ብላችሁ ተናገሩ፤ አንድ የስቴሮይድ መርፌ በሽታውን መልሶ ሊያመጣው ይችላል።